ከቨርጂኒያ እስከ ካሊፎርኒያ፦ በመኪና እየተጓዙ ዋይነሪ መጎብኘት

ታላቅ ወንድሜ ሳክራሜንቶ ሥራ አገኘና መኪናውን ይዞ መሄድ ነበረበት። ብቻውን ከሚነዳ አብረን እንሂድ ተባባልን። እሱ፣ ባለቤቴና እኔ ከአሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ ተነሳን። መንገዱ ወደ 3,000 ማይል ነው። እግረ መንገዳችንን አምስት ዋይነሪዎች፣ ማለትም ወይን ጠጅ የሚጠመቅባቸው ቦታዎች፣ ጎበኘን።

ከዚያ በፊት እኔና ባለቤቴ ዝነኛው የካሊፎርኒያ ወይን አገር ናፓ ሄደን በአንድ ቀን አምስት ቦታ ቀምሰን ነበር። ዛሬ ከአምስቱ የአንዱም ጣዕም ትዝ አይለኝም። የዚህኛው ጉዞ ፌርማታዎች ግን እያንዳንዳቸው አሁንም ዓይኔ ላይ አሉ። ይህን ያመጣው አካሄዳችን ስለሆነ፣ እንዴት እንዳደረግነው ቅደም ተከተሉን ልጻፍላችሁ። ዓመተ ምሕረቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

1. ወቅቱን ምረጡ

ፍልሰታ ነሐሴ 16 ትፈታለች። በፈረንጆቹ ኦገስት 22 መሆኑ ነው። ቨርጂኒያና ሚዙሪ ውስጥ የወይን ለቀማ የሚጀምረው በዚያው ሰሞን ሲሆን እስከ ኦክቶበር ይቀጥላል። ስለዚህ ለእኛ ሰው ምርጡ ጊዜ ከእንቁጣጣሽ ማግስት ያለው ሳምንት ነው። ጾሙ አልፏል፣ ሙቀቱ ትንሽ በርዷል፣ ማሳው ላይ ፍሬ አለ፣ ግቢው ውስጥ የሚፈላው ጭማቂ ሽታ አፍንጫ ይመታል። የጠላ ጥንስስ ያለበት ቤት የገባ ሰው ሽታው አዲስ አይሆንበትም።

ረቡዕና ዓርብ የምትጾሙ ከሆነ ሁለቱን ቀኖች ለመንገድ ተዉአቸው። እኛ ረጅሙን መንገድ የነዳነው በእነሱ ነው። ቅዳሜና እሑድ ሰው ይበዛል። ትንንሾቹ ዋይነሪዎች ደግሞ ሰኞና ማክሰኞ ብዙ ጊዜ ዝግ ናቸው። ሐሙስን የመሰለ ቀን የለም። ከመሄዳችሁ አንድ ቀን ቀድማችሁ ደውሉ።

2. ፌርማታዎቹን የሚያገናኝ አንድ ጉዳይ ፈልጉ

ከሁሉም በላይ የጠቀመን ይሄ ነው። ቨርጂኒያ ብቻ ከ300 በላይ ዋይነሪዎች አሉ። ሰዎች በሚሰጡት ኮከብ ብዛት ከመረጣችሁ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንባችኋል፤ የሚያምር አዳራሽ፣ የሚያምር ኮረብታ፣ ከዚያ መርሳት። ቦታዎቹ አንዱ የሌላውን ታሪክ የሚቀጥሉ ሲሆኑ ግን ጉዞው እንደ ተረት ይያያዛል።

እኛ የመረጥነው የወይንን ሥር ነው። ሦስተኛው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ቶማስ ጀፈርሰን፣ ሞንቲቼሎ በሚባለው የቨርጂኒያ ርስቱ ላይ የአውሮፓ ወይን ተክሎ ዕድሜውን ሙሉ አልተሳካለትም። ውርጩ፣ ሻጋታውና ፊሎክሴራ የምትባለው ሥር መጣጭ ተባይ የአውሮፓን ወይን አሜሪካ ውስጥ አላስቆም ብለው ነበር። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ያቺው ተባይ ወደ ፈረንሳይ ተሻገረችና ማሳውን ፈጀችው። መድኃኒቱም የተገኘው ከዚህችው አሜሪካ ነው። ተባዩን የሚችል የአሜሪካ ወይን ሥር ወደ ፈረንሳይ ተላከና የፈረንሳዩ ቅርንጫፍ በላዩ ላይ ተቀጠለ። ከሥሩ ብዙው የሄደው ከሚዙሪ ነበር። ስለዚህ ከሞንቲቼሎ አካባቢ ጀምረን፣ በሚዙሪ በኩል፣ ካሊፎርኒያ እስካለው አሸዋማ መሬት ሥሩን ተከተልን።

እናንተ ሌላ ልትመርጡ ትችላላችሁ። የስደተኞች ታሪክ ይሁን፣ አንድ የወይን ዝርያ ይሁን፣ ብቻ አንድ ይሁን።

3. ሒሳቡን ቤታችሁ ሥሩት

በቀን አንድ ዋይነሪ። ሁለት ካደረጋችሁ በመሃል ምሳ ይግባ። ሦስተኛው ትርፉ ድካም ነው።

ለቅምሻ የሚቀዳው ብዙውን ጊዜ 1 አውንስ፣ ማለትም 30 ሚሊ ሊትር ያህል ነው። አምስት ቅምሻ ከጠጣችሁ አንድ ሙሉ ብርጭቆ ወይን ጠጣችሁ ማለት ነው። በብዙ ቦታ ሰው ሲያወራችሁ እጁ ይረዝምና ከዚያ በላይ ይቀዳል። ሁለት ሰዎች አንድ ቅምሻ ከፍላችሁ መጋራት ትችላላችሁ፤ ማንም ቅር አይለውም። ዋጋው ከቦታ ቦታ ይለያያል። ናፓ ላይ በሰው ከ50 ዶላር በላይ መክፈል የተለመደ ነው። በመንገዳችን ያሉት ሌሎቹ ግን በጣም ይቀንሳሉ። ጠርሙስ ስትገዙ የቅምሻውን ሒሳብ የሚተዉም አሉ። ጠይቁ።

መታወቂያ አትርሱ። 21 ዓመት የሞላው ሰው ሽበት ቢኖረውም ይጠየቃል።

4. ሹፌሩ ከመነሻው ይታወቅ

ወንድሜ አልኮል አይቀምስም፤ ስለዚህ ጉዳዩ ቀለለልን። እናንተ ጋር እንደዚህ ያለ ሰው ከሌለ ተራ ግቡ። የዛሬ ሹፌር ዛሬ አይቀምስም። «ትንሽ ብቻ» የሚባል ነገር አይኑር። በደም ውስጥ ላለ አልኮል የሕጉ ጣሪያ በአብዛኛው ግዛት 0.08 በመቶ ነው፤ ዩታ 0.05 ነው። ከዚያ በታችም ሆኖ የተዛባ አነዳድ ያስከስሳል። ግሪን ካርድ ይዞ ዜግነት ለሚጠብቅ ሰው ደግሞ ጠጥቶ መንዳት ከቅጣቱ በላይ በማመልከቻው ላይ ጣጣ ያመጣል። ይህን የምለው አጠንክሬ ነው። ለአንድ ከሰዓት ብሎ የዓመታት ልፋትን ማበላሸት አይገባም።

የተከፈተ ጠርሙስ ከፊት ወይም ከወንበር ሥር አታስቀምጡ። ክዳኑ ተገጥሞ ትራንክ ውስጥ ይግባ።

የማይጠጣ ሰው አብሮ መሄዱ ደግሞ የራሱ በረከት አለው። ወንድሜ ብርጭቆዬን እየተቀበለ ያሸት ነበር። «ይሄ የረጠበ ቆዳ ይሸታል፣ ይሄ እንጆሪ ነው» ይላል። አፍንጫው ስላልደነዘዘ ከሁላችንም በላይ የሚለየው እሱ ነበር። አንዳንድ ዋይነሪ ያልፈላ የወይን ጭማቂም ይሸጣል፤ ለእሱ ሁሌ እሱን ጠየቅን።

5. መኪናው ላይ የሚጫን

ውኃ በብዛት። ቆሎ። ዳቦ ቆሎ። በረዶ የሌለበት ባዶ ኩለር፤ ለምን እንደሆነ ሰባተኛው ላይ እነግራችኋለሁ። የማይጠፋ እስክሪብቶ። ጋቢ።

ቆሎው ያለ ጨው የተቆላ ይሁን። በሁለት ቅምሻ መሃል አፍ ለማጽዳት ዋይነሪው ከሚሰጣችሁ ብስኩት ይሻላል። በርበሬ ያለበትን ምግብ ግን ከቅምሻ በፊት አትብሉ። በርበሬ ቀይ ወይንን የበለጠ መራራና የሚያቃጥል ያደርገዋል። ጠዋት ቋንጣ ፍርፍር በልታችሁ ከሄዳችሁ ጥሩውን ወይን ትበድሉታላችሁ። ሽቶም አትቀቡ፤ የራሳችሁንም የጎረቤታችሁንም አፍንጫ ይዘጋል።

6. መጀመሪያ ማሳው፣ ከዚያ ብርጭቆው

የመጀመሪያው ፌርማታችን ባርቦርስቪል ነበር፤ ከሻርለትስቪል ግማሽ ሰዓት ያህል ይርቃል። ዞኒን የሚባል የጣልያን ወይን ቤተሰብ በ1976 ጀመረው። ግቢው ውስጥ ጀፈርሰን ለወዳጁ ለጄምስ ባርቦር ንድፉን የሠራለት ቤት ፍርስራሽ አለ። ቤቱ የተቃጠለው በ1884 የገና ዕለት ነው። ጣሪያ የለውም፤ ቀዩ ጡብና ነጫጭ ዓምዶቹ ቆመዋል። መሃሉ ላይ ስምንት ማዕዘን የነበረው ክፍል ይታያል። ከምርጥ ወይኖቻቸው አንዱ ኦክታጎን የተባለው በእሱ ነው።

ወደ ቅምሻው ከመግባታችን በፊት እዚያ ሃያ ደቂቃ ቆምን። ጀፈርሰን አቅቶት የሞተው ነገር በዙሪያችን ተደርድሮ ያፈራል። ከዚያ በኋላ ብርጭቆውን ሳነሳ ምን እንደምጠጣ አውቄ ነበር። ስለዚህ የትም ስትሄዱ መጀመሪያ ውጭ ቁሙ። አፈሩን እዩ፣ ቁልቁለቱን እዩ። ሳይፈቀድ ግን ረድፎቹ መሃል አትግቡ፤ ፍሬም አትቅጠፉ።

ቅምሻው ላይ ከነጭ ወደ ቀይ፣ ከቀላል ወደ ከባድ ሂዱ። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ አዙሩት፣ አሽቱ፣ ትንሽ ጎንጩና አፋችሁ ውስጥ አቆዩት። መትፋት ከፈለጋችሁ መትፊያ ዕቃ ጠረጴዛው ላይ አለ። ለእኛ ሰው ነውር ይመስላል፤ እዚያ ግን ነውር አይደለም። ባለቤቴ የመጀመሪያውን ቀን አፍራ ዋጠችው፤ ከሁለተኛው ቀን ጀምሮ ግን ለመደችው።

የምትጠይቁትን አንድ ጥያቄ ያዙ። «የትኛው ይሻላል?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ የተለመደ መልስ ታገኛላችሁ። «ይሄ መሬት በምን አስቸገራችሁ?» በሉ። የሚቀዳላችሁ ሰው ፊቱ ሲበራ ታያላችሁ። ስለ በረዶው፣ ስለ አጋዘኑ፣ ስለ ዝናቡ ያወራችኋል። እኛ በየቦታው ያቺኑ ጥያቄ ነበር የጠየቅነው።

ከዚያ አይ 64 የሚባለውን አውራ ጎዳና ይዘን ወደ ምዕራብ። ኬንታኪ ሉዊቪል አደርን። በማግስቱ ሴይንት ሉዊስን አልፈን ኸርማን ገባን።

ኸርማንን በቸልታ አትለፉት። ሚዙሪ ወንዝ ዳር ያለች፣ ከፊላደልፊያ የመጡ ጀርመኖች በ1837 የቆረቆሯት ትንሽ ከተማ ናት። ኮረብታው ላይ በ1847 የተመሠረተው ስቶን ሂል አለ። አንድ ዘመን ከአገሪቱ ትላልቅ ዋይነሪዎች አንዱ ነበር። በ1920 መጠጥ በሕግ ሲከለከል ተዘጋ። ምድር ቤቱ ለአሠርት ዓመታት እንጉዳይ ማምረቻ ሆነ። በ1965 አንድ የገበሬ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ገባና እንደገና ከፈተው።

ወደ ምድር ቤቱ ስትወርዱ ቅዝቃዜው ከእግር ነው የሚጀምረው። ድንጋዩ እንደ ቅስት ከራሳችሁ በላይ ይታጠፋል። ግድግዳው ሲነካ ይረጥባል፤ ሽታው እንጨትና እርጥብ አፈር ነው። ከክፍሎቹ በአንዱ ዱሮ 12 ታላላቅ በርሜሎች ነበሩ፤ በእያንዳንዱ ላይ የአንድ ሐዋርያ ምስል ተቀርጾበት ነበር። ከክልከላው ዘመን አላለፉም። ወንድሜ ይህን ሲሰማ ቆቡን አወለቀና ዝም ብሎ ቆመ። ወደ ውጭ ስንወጣ ለረጅም ጊዜ አላወራም።

እዚያ ኖርተን የሚባለውን ወይን ቅመሱ። ዝርያው የተገኘው ሪችመንድ ቨርጂኒያ ነው፤ ስሙን ያገኘው ከዶክተር ዳንኤል ኖርተን ነው። ትልቅ ስም ያወጣው ግን ሚዙሪ ሲሆን ዛሬ የግዛቱ ይፋዊ ወይን እሱ ነው። ከእኛው ሰፈር ተነስቶ እኛ የሄድንበትን አቅጣጫ ቀድሞን ሄዶ ኖሯል። ቀለሙ እንደ ጥቁር እንጆሪ ነው፤ ብርጭቆውን ወደ መብራት ብታነሱትም አያሳልፍም። ኮምጠጥ ይላል። መጀመሪያ ፊት ያስጨማድዳል፤ ሁለተኛው ጉንጭ ላይ ትለምዱታላችሁ።

ብዙዎቻችን ወይን የለመድነው በጉደርና በአክሱሚት ነው። ጣፋጭ ከወደዳችሁ አትፈሩ፤ ተናገሩ። ሚዙሪ ለዚህ የተመቸች ናት። ከኸርማን ወደ ደቡብ ወርዳችሁ አይ 44 ላይ ሴይንት ጄምስ ስትደርሱ ደግሞ አካባቢው የኮንኮርድ ወይን አገር ነው። ሮዛቲ በምትባል መንደር የሰፈሩ ጣልያኖች ያለሙት ነው። እዚያ ከቀመስነው ባለቤቴ የወደደችው ለስለስ ያለ ጣፋጭ ነጭ ነበር። ከዶሮ ወጥ ጋር የሚሄደውም እንዲህ ያለው ነው። በርበሬን የሚያበርደው ጣፋጭ ነጭ እንጂ ደረቅ ቀይ አይደለም።

7. ወይኑን ከሙቀት አድኑት

ይህን የተማርኩት ከስሬ ነው። ቴክሳስ አማሪሎ ምሳ ልንበላ አቆምን። መኪናው ፀሐይ ላይ ነበር። ትራንኩ ውስጥ ስድስት ጠርሙሶች ነበሩን። ከአንድ ሰዓት በላይ ቆየን። ስንመለስ የሁለቱ ቡሽ ከአፉ ወጣ ብሏል። አንዱ በጎኑ ፈስሶ ካርቶኑን አቅልሞታል። ማታ ሞቴል ገብተን ከፈትነው፤ ጣዕሙ እንደ ተቀቀለ ፕሪም ሆኖ ነበር። ያን ወይን የሠራው ሰው ማሳውን በእጁ ያሳየኝ ሰው ስለነበር አዘንኩ።

ወይን የሚወደው 13 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው። በበጋ ፀሐይ የቆመ መኪና ውስጡ ከ50 ዲግሪ ሊያልፍ ይችላል። እንዲህ አድርጉ፦

- ጠርሙሶቹን ባዶው ኩለር ውስጥ ደርድሩ። ኩለር ቅዝቃዜን እንደሚይዝ ሁሉ ሙቀትን ያዘገያል።
- ኩለሩን ትራንክ ውስጥ ሳይሆን የኋላ ወንበር ሥር አድርጉት፤ ኤሲው እዚያ ይደርሳል። የታሸገ ጠርሙስ ነው፤ ችግር የለውም።
- ምሳ ስትበሉ ጥላ ፈልጉ። ካጣችሁ ኩለሩን ይዛችሁ ግቡ።
- ማታ ወደ ክፍላችሁ አስገቡት። ሌሊት ሲበርድ ቀን ሲሞቅ መመላለሱም ይጎዳዋል።

ብዙ ከገዛችሁ ዋይነሪው ቤታችሁ ድረስ እንዲልክላችሁ ማድረግ ይቻላል፤ ወደ ግዛታችሁ ይልክ እንደሆነ ጠይቁ። ሲደርስ 21 ዓመት የሞላው ሰው ፈርሞ መቀበል ስላለበት ሰው በሚኖርበት ቀን ይሁን። ሙቀቱ እስኪያልፍ እንዲያቆዩላችሁም ጠይቁ፤ ያቆያሉ።

8. ያልጠበቃችሁት ቦታ ላይ አንድ ፌርማታ ያዙ

ኒው ሜክሲኮ ወይን አለ ሲባል ብዙ ሰው አያምንም። ግን የስፔን መነኮሳት ለቅዳሴ የሚሆን ወይን እዚያ የተከሉት በ1629 ነው። ካሊፎርኒያ ከመትከሏ ከመቶ ዓመት በፊት። አልበከርኪ ላይ ግሩዌ የሚባል፣ ከሻምፓኝ አገር የመጣ ቤተሰብ በ1980ዎቹ የጀመረው አረፋማ ወይን አለ። አሠራሩ እንደ ፈረንሳዩ ነው፤ አረፋውን የሚሰጠው ሁለተኛው መፍላት ጠርሙሱ ውስጥ ይሆናል። ከተማዋ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። ከመኪና ስንወርድ የማታው አየር ደረቅና ቀዝቃዛ ነበር። ባለቤቴ «አዲስ አበባ በጥቅምት» አለች። እኔም የተሰማኝ እሱ ነው።

9. መጨረሻውን ዝነኛው ቦታ አታድርጉት

ከአልበከርኪ አይ 40ን ይዛችሁ እስከ ባርስቶው፣ ከዚያ በቤከርስፊልድ በኩል በሀይዌይ 99 ወደ ሰሜን። ሁሉም ሰው ናፓን ያስባል። ናፓ በ1976 ፓሪስ ላይ በተደረገው ስም የማይታይበት ቅምሻ ፈረንሳዮቹን ያሸነፈ አገር ነው፤ ክብር ይገባዋል። ግን ውድ ነው፣ አብዛኛው በቀጠሮ ነው። በረጅም መንገድ የደከመ ሰው በሰዓት መሯሯጥ አይችልም።

እኛ ሎዳይ ቆምን። ከሳክራሜንቶ 35 ማይል ያህል ነው። አፈሩ አሸዋማ ነው። ፊሎክሴራ አሸዋ ላይ አይመቻትም፤ ስለዚህ እዚያ ያሉ አሮጌ ወይኖች እስካሁን በሌላ ሥር ላይ ሳይቀጠሉ በራሳቸው ሥር ቆመዋል። በሽቦ አልተያዙም። እያንዳንዱ እንደ ትንሽ ዛፍ ለብቻው ነው፤ ግንዱ የሰው ጭን ያክላል፣ ጠማማ፣ ቅርፊቱ የተላላጠ። ቤክቶልድ የሚባለው ማሳ የተተከለው በ1886 ነው። አዲስ አበባ የተቆረቆረችበት ዓመት መሆኑ ነው። ከዚያ ማሳ የተጠመቀ ወይን ያለውን ዋይነሪ ጠይቁ፤ ዝርያው ሳንሶ ይባላል፤ ቀለሙ ፈዘዝ ያለ፣ ቀለል ያለ ቀይ ነው። የሎዳይ ዋና ስም ግን ዚንፋንዴል ነው።

ጀፈርሰንን ያቃተው ተክል እዚህ በራሱ ሥር መቶ ዓመት አልፎት ሳይ፣ ቨርጂኒያ ላይ ያየነው ፍርስራሽ ትዝ አለኝ። ሥሩን ተከትለን ባንመጣ ኖሮ ይሄ ማሳ ለእኔ አሮጌ ቁጥቋጦ ብቻ ነበር።

10. ጠርሙሱ ላይ ጻፉ

ከየቦታው አንድ ጠርሙስ ይበቃል። የማይጠፋውን እስክሪብቶ አውጡና እዚያው፣ ከግቢው ሳትወጡ፣ ጀርባው ላይ ጻፉ፦ ቦታው፣ ቀኑ፣ የአየሩ ሁኔታ፣ አንድ ያያችሁት ነገር። ሆቴል ስንደርስ ብላችሁ አታቆዩት። ማታ ላይ የሁሉም ጣዕም ይደባለቃል። አብሯችሁ ያለ ሁሉ ተራ ይጻፍ።

የምትመለሱት በአውሮፕላን ከሆነ ወይኑ በሚጫነው ሻንጣ ይሂድ፤ ተራ ወይን የአልኮል መጠኑ ከ24 በመቶ በታች ስለሆነ በረራው ላይ አይከለከልም። የእጅ ሻንጣ ውስጥ ግን ፍተሻው አያሳልፈውም። ጠርሙሱን በላስቲክ ከረጢት፣ ከዚያ በጋቢ ጠቅልሉት። የእኛ አራቱም ጠርሙሶች በሁለት ጋቢ ያለ ጭረት ደረሱ።

ኖርተኑን የከፈትነው ለገና ነው፤ ከጥብስ ጋር። ወንድሜ ሳክራሜንቶ ነበር፣ በስልክ እያየን። ጀርባው ላይ የጻፈው እሱ ነው። አነበብኩለት፦ «ኸርማን፣ ሐሙስ፣ ደመና። ምድር ቤቱ በርዶኛል። የሐዋርያቱ ቦታ ባዶ ነው። የእኔ ጭማቂ ጣፋጭ ነበር።»